አጎቴ በበርበሬ ሚዛን ላይ

በርበሬ ሲያስነጥሰኝ እስቃለሁ። ሰው ፊት ሲሆን ያሳፍራል፤ ግን አልተወኝም። ባለፈው ጥቅምት ለዘመድ ሰርግ ሆሳዕና ሄጄ በገበያው መሃል ሳልፍ አንድ ነጋዴ የበርበሬ ጆንያ ገለበጠና አቧራው ፊቴ ላይ መጣ። ሦስት ጊዜ አከታትዬ አስነጠስኩ፤ ከዚያ ቆሜ መሳቅ ጀመርኩ። ነጋዴው ይማርሽ ሊለኝ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ስስቅ ሲያየኝ ተወው። ከጀርባው አሮጌ ባስኩል ቆሟል፤ መርገጫው መሃል መሃሉ ተበልቷል። እንዲህ ባለ ሚዛን ላይ አጎቷ በየቅዳሜው ከጆንያ ጋር ተራ ይዞ ሲመዘን ያየች ሴት በርበሬ ሲሸታት ብትስቅ አይፈረድባትም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ እኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሁሴን የበርበሬ ነጋዴ ነበር። ከቦኖሻና ከዙሪያዋ የሚመጣውን ይገዛል፣ ቆሻሻውንና ብልሹን ያስለቅማል፣ በጭነት መኪና ወደ አዲስ አበባ ይልካል። መጋዘኑና መኖሪያችን አንድ ግቢ ውስጥ ስለነበሩ ከትራሳችን እስከ ደብተሬ ሁሉም ነገር በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር። እኛ ቤት እንግዳ የሚለየው በማስነጠሱ ነው። ቤተኛው ለምዶታል፤ አዲስ የተወለደ ሕፃን እንኳ ሳምንት ሁለት ሳምንት አስነጥሶ ይተወዋል።

የአባቴ ታናሽ ወንድም አጎቴ ከድር ያደገው እዚያው መጋዘን ውስጥ ነው። አንድ ጆንያ በጀርባው አዝሎ እያንጎራጎረ ዳገት የሚወጣ ሰው ነበር። ጆንያውን ብድግ አድርጎ ብቻ ኪሎውን ይናገራል፤ ባስኩሉ ላይ ሲወጣ ልክ ይሆናል። ከዚያ ታመመ። ጆንያዎቹ በስሜ እየጠሩ ይሰድቡኛል አለ። አንድ ቀን በገበያው መሃል የሰው በርበሬ እየበተነ ሲሮጥ ያዙትና ጓሮ ባለው ቤት ውስጥ ጆንያ በምናስርበት የጭነት ገመድ አሰሩት። ስለ እነዚያ ሳምንታት ብዙ አላወራም። አባቴ በመጨረሻ በጭነት መኪና አሳፍሮ አዲስ አበባ የአእምሮ ሆስፒታል ወሰደው፤ ስምንት ወር እዚያ ቆየ። ገመዱ ግን በጓሮው ቤት ምሰሶ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ በዚያ በኩል ሳልፍ እሮጥ ነበር።

የተመለሰው የበርበሬ ወራት ሲጀምር ነው። ከመኪናው ሲወርድ መጀመሪያ አላወቅኩትም። ፊቱ ክብ ሆኗል፣ ሆዱ ከካፖርቱ ቁልፎች ጋር ይታገላል፣ እግሩን እንደ ተዋሰው ሰው እየጎተተ ይራመዳል። በእጁ ብርቱካንማ ክኒን የሞላበት ጠርሙስ ይዟል። የግቢያችንን በር አልፎ ሁለት እርምጃ ሳይራመድ አስነጠሰ፤ እንደ እንግዳ። እኔ የከፋኝ ያኔ ነው። ሌላው ሰው ግን በደስታ ሊሞት ደረሰ። አያቴ እልል አለች፣ ጎረቤቶች እልል አሉ። እንዴት ወፈረ፣ እንዴት አማረበት፣ ዳነ በቃ ተባለ። በእኛ አገር የዳነ ሰው ይወፍራል፣ የወፈረም ሰው ድኗል፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

እናቴ በዚያው ሰሞን ታናሽ ወንድሜን ወልዳ አራስ ነበረች። ስለዚህ ጓዳው በአያቴ እጅ ነው። አያቴ በቀን ሁለቴ ከቡላ፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራውን አታካና ትሠራለች፤ ቅቤው ጣባው ላይ ቆሞ ፊት ያሳያል። አንዱን ጣባ ለእናቴ፣ አንዱን ለአጎቴ። እናቴ አርባ ቀን ሲሞላት ከአልጋዋ ተነሣች፤ አጎቴ ግን አራስነቱን ቀጠለ። ይበላል፣ ሻዩን በስድስት ማንኪያ ስኳር ይጠጣል፣ በሲጃራው ሲጃራ ይለኩሳል፣ ይተኛል። ድምፅ አይሰማም፣ አይሮጥም፣ ማንንም አይናገርም። አያቴ ከዚህ በላይ ምን ጤና አለ ትል ነበር።

አባቴ ነገሩ እንዳልተስተካከለ ያወቀው ክኒኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ክሊኒኩ ያለው ከእኛ ትምህርት ቤት ጎን፣ ዳገቱ አናት ላይ ነው። እኔን ጨምሮ ሦስታችን ወጣን። አጎቴ ባሕር ዛፉ ሥር አረፈ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ደርሶ እንደገና አረፈ። ትምህርት ቤቱ አጥር ጋ ሲደርስ እጁን ሽቦው ላይ አድርጎ ቆመና እንደ ወፍጮ ቤቱ ሞተር መተንፈስ ጀመረ። ከሁለት ዓመት በፊት ያንኑ ዳገት ጆንያ ተሸክሞ እያንጎራጎረ ይወጣው ነበር። አባቴ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው።

ክሊኒኩ ውስጥ የነበሩት ድሬሰሩ አቶ ሎምባሞ ናቸው። ያኔ ሐኪም የምንለው ድሬሰሩን ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን የሚመሩ ሰው ነበሩ፤ መድኃኒት ሲያዝዙም ድምፃቸው መዝሙር መዝሙር ይላል። የአጎቴን ደረት አዳመጡ፣ ጥርሱን አዩ፣ ቁርጭምጭሚቱን ተጫኑ። ከዚያ ሽንቱን በብልቃጥ ተቀብለው ሰማያዊ ውሃ ጨመሩበትና እሳት ላይ ያዙት። እኔ ሻይ የሚያፈሉለት መስሎኝ ነበር። ሰማያዊው አረንጓዴ ሲሆን አንገታቸውን ነቀነቁና ሽንቱ ውስጥ ስኳር ገብቷል አሉ። ምንም አልገረመኝም። ስድስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ስኳሩ የት ይሂድለት?

ከዚያ አቶ ሎምባሞ ወንበራቸውን ወደ አባቴ አስጠግተው፣ "ጭንቅላቱን አዲስ አበባ ሠርተውለታል። ከአንገት በታች ያለው የእኛ ሥራ ነው" አሉ። ክኒኑ ድምፆቹን ያባርራል፣ ግን ያስርባል፣ ያስተኛል፣ ያከብዳል። አንድ ቀንም መቋረጥ የለበትም። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ሌላው ነው፤ ቅቤው፣ ስኳሩ፣ ሲጃራውና መተኛቱ። በየቀኑ ይራመድ፣ ጥርሱን ይፋቅ፣ ክኒኑ ቆዳውን ለፀሐይ ያሳሳዋልና ጃንጥላ ይያዝ፣ በየሳምንቱ ይመዘን አሉ። የክሊኒኩ ሚዛን የሕፃናት ነበር። አባቴ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለና "ሚዛንማ እኔ ጋ አለ" አለ። ከመውጣታችን በፊት ግን ድሬሰሩ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ክብደቱ ካልተስተካከለ ለአዲስ አበባ ሐኪሞች እጽፋለሁ፣ ምናልባት መመለስ ይኖርበት ይሆናል አሉ። ይቺን ቃል ጆሮዬ ቆልፎ ያዛት።

ሥራው ለእኔ ተሰጠ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ አጎቴን ዳገቱን ማስወጣት፣ ቀትር ላይ መጥቶ ሲወስደኝ አብሬው መውረድ፤ በመንገድ ላይ ከሦስቱ ማረፊያዎች ሌላ ቦታ እንዲቀመጥ አለመፍቀድ። ሲጃራውንም እኔ ነበርኩ የምይዘው፤ በቀን አምስት፣ ከዚያ አራት፣ እንዲህ እያለ ይወርዳል። ሁለተኛው ቀን ላይ መምህራችን ቦርሳዬ ውስጥ ሲጃራ አግኝተው ጆሮዬን ይዘው አቆሙኝ። የሐኪም ትእዛዝ ነው ስላቸው ጆሮዬን ይበልጥ ጠመዘዙት። ደግነቱ አጎቴ ገና አጥሩ ጋ ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስብ ነበርና በሽቦው ላይ ተንጠራርቶ የእኔ ነው አላቸው። መምህሩ ይህን ያህል ትልቅ ሰው ሲጃራውን ለልጅ አስይዞ ሲለምን ሲያዩ ጆሮዬን ለቀቁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎቴ አጥሩ ጋ ቆሞ የጠዋት ጂምናስቲካችንን ማየት ለመደ። እጅ ወደ ላይ ስንባል እሱም በካፖርቱ፣ ጃንጥላውን በአንድ እጁ እንደያዘ ሌላውን ያነሣል። ቁጭ ብድግ ስንባል ግማሽ ድረስ ቁጭ ይልና አስቦበት ይነሣል። ልጆቹ መጀመሪያ ሳቁ። በሳምንቱ መምህራችን ራሳቸው ግባ አሉትና የመጨረሻው መስመር ላይ፣ ከአንደኛ ክፍሎች ጎን ቆመ። አንደኛ ክፍሎቹ በጣም ኮሩበት፤ ከእኛ ክፍል ነው እያሉ ያወሩ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሚዛን ነው። ገበያ ስለሆነ ግቢው በሰው ይሞላል፤ አጎቴ ከጆንያዎቹ ጋር ተራውን ጠብቆ ባስኩሉ ላይ ይወጣል። ካፖርቱን አያወልቅም፤ አንድ ሰው የሚነጥቀው ይመስለው ነበርና። አቶ ሎምባሞም ግድ የለም፣ ብቻ ሁልጊዜ በካፖርቱ ይመዘን ብለዋል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዘጠና አራት ኪሎ ሆነ። ሁለተኛው ዘጠና ሁለት። ሦስተኛው ዘጠና አንድ። የኩሊዎቹ አለቃ ሀንዲኖ የሚዛኑን ዘንግ እየገፋ ቁጥሩን ይጠራል፣ አባቴ ይሰማል።

ችግሩ የአባቴ ፊት ነበር። ሃያ ዓመት በርበሬ ሲነግድ ሚዛን ጎደለ ሲባል ፊቱን ማጨፍገግ የለመደ ሰው ነው። ሀንዲኖ ዘጠና አንድ ሲል አፉ መልካም ነው ይላል፤ ግንባሩ ግን በራሱ ጊዜ ይቋጠራል። እኔ የማየው ግንባሩን ነው። በዚያው ሳምንት ደግሞ አዲስ አበባ የሄደ ጭነት ሚዛኑ ጎድሎ ተገኘ ተብሎ አምስት ጆንያ ተመልሶ መጣ። አባቴ በንዴት፣ የጎደለ ዕቃ ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ሕጉ ይኼ ነው ሲል ሰማሁት። የድሬሰሩ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ነበር። ሁለቱን ገጣጠምኳቸው። አጎቴ የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። እየጎደለ ነው። ስለዚህ ወደ መጣበት ሊመልሱት ነው።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለማን ልናገር? የሚያስጎድሉት ትልልቆቹ ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ሆኜ ዳገት የማስወጣው ደግሞ እኔ ነኝ። አያቴ ብቻ ከእኔ ወገን መሰለችኝ። ጎረቤቶች ሁሴን ወንድሙን በረሃብ ሊጨርሰው ነው ማለት ጀምረው ስለነበር በኀፍረት ተቃጥላለች። ጎመን አዘዙብኝ፣ ለዳነ ሰው ጎመን እያለች በሐዲይኛ ታጉረመርማለች፤ ጎመኑንም ማንም ሳያያት በቅቤ ታለሰልሰዋለች። እኔ ግን ከቅቤ የፈጠነ መላ አገኘሁ።

አባቴ ከትልቁ ባስኩል ሌላ ለችርቻሮ የሚሆን ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ነበረው፤ የብረት መመዘኛዎቹ በመደዳ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣሉ። በአራተኛው ቅዳሜ ጠዋት የሁለት ኪሎውን ብረት አንስቼ በአጎቴ ካፖርት ኪስ ከተትኩ። የኪሱ ሥር የተቀደደ ስለነበር ብረቱ በገበሩ ውስጥ ተንሸራቶ ጫፉ ላይ ቁጭ አለ። ካፖርቱ እንደሆነ ወትሮም የጣሊያን ጊዜ ወፍራም ካፖርት ነው፤ አጎቴም በክኒኑ ምክንያት ጠዋት ጠዋት ድንዝዝ ስለሚል አላስተዋለም። ሀንዲኖ ዘንጉን ገፋና ዘጠና ሁለት አለ። የአባቴ ግንባር ተፈታ። አያቴ ከጓዳ በር ላይ እልል አለች። እኔም ልቤ ቦታው ተመለሰ። የአጎቴን ፊት አላየሁም።

በማግሥቱ አባቴ የሁለት ኪሎውን ብረት ፈለገ። መጋዘኑ ተገለበጠ። ሀንዲኖ ተጠየቀ። ሀንዲኖ አጎቴን እንደ ወንድሙ የሚወድ፣ በዚያ ግቢ ውስጥ ፀጉሩን ያሸበተ ሰው ነው፤ መጠየቁ ብቻ አሳዘነውና ሦስት ቀን ከአባቴ ጋር ሳይነጋገሩ ሠሩ። እኔ ይህን እያየሁ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አንሶኝ በአምስተኛው ቅዳሜ የአንድ ኪሎውን ጨመርኩበት። ባስኩሉ ዘጠና ሦስት አለ። አባቴ ባስኩሉ አጠገብ ቆሞ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ብረት የሚበላ ሰው አለ እንዴ ብሎ ይጮሃል፤ ብረቶቹ ደግሞ እፊቱ ባስኩሉ ላይ ቆመዋል።

በዚያ ቅዳሜ ግን አጎቴን አየሁት። ከባስኩሉ ወረደና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። አንድ ወር ሙሉ ዳገት ወጥቷል። ባሕር ዛፉ ሥር ማረፍ ትቷል። ስኳሩን ወደ ሁለት ማንኪያ፣ ሲጃራውን ወደ ሦስት አውርዷል። ከአንደኛ ክፍሎች ጋር ቁጭ ብድግ ብሏል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ አያቸውና፣ "ይኼ ክኒን እያለ እኔ ወደ ሰውነቴ አልመለስም" አለ። ማንም አልሰማውም፤ ገበያ ነው።

ሰኞ ጠዋት ወፍጮ ቤቱ ጋ ስናርፍ ክኒኑን ከምላሱ ሥር አውጥቶ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ሲያስቀምጥ አየሁ። ቀፎውን ባልተቀደደው የካፖርቱ ኪስ ከተተና ሲያየኝ ጠቀሰኝ። እኔ ደግሞ ምን ልበል? ካፖርቱ ውስጥ የደበቀው እሱ ብቻ አይደለም።

ሁለት ሦስት ቀን ደህና ነበር፤ እንዲያውም ነቃ አለ፣ ቀልድ ሁሉ ሞከረ። ሐሙስ ቀን ቀትር ላይ ስንወርድ ቆመና፣ "ዘሀራ፣ ጠራሽኝ?" አለኝ። አልጠራሁትም። አርብ ዕለት መጋዘን ገብቼ ሳየው ከጆንያዎቹ ፊት ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጓል፤ የሚሰማ ሰው እንደሚያደርገው። በጣም ፈራሁ። እሱን አልነበረም የፈራሁት። ጓሮ ወዳለው ቤት ሮጬ ሄድኩና ገመዱ ቦታው መኖሩን አየሁ።

በማግሥቱ ስድስተኛው ቅዳሜ ነው። ገበያው ከመሙላቱ በፊት የአዲስ አበባ መኪና ግቢ ገብቶ ቆሟል። አጎቴ ካፖርቱን ለብሶ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ለራሱ ያንሾካሹካል። አባቴ አየው፣ ትንሽ ቆመ፣ ከዚያ ወደ ጓሮ ሄደ። ሲመለስ ያን ገመድ ጠቅልሎ በትከሻው ይዞታል። ቀጥታ ወደ እኛ መጣ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩት አብዛኛው ኋላ የተነገረኝ ነው። አባቴን እግሩን ይዤዋለሁ። አትሰሩት፣ አትመልሱት፣ አልጎደለም፣ ብረቱ እሱ ጋ ነው ብዬ ጮኼአለሁ። አባቴ ጭነት ሊያስርበት ባመጣው ገመድ ልጁ ለምን እንደምትንቀጠቀጥ አልገባውም። የገባው ለሀንዲኖ ነው። ብረት የምትለዋን ቃል ሰምቶ መጣና የካፖርቱን ጫፍ ይዞ በእጁ መዘነው። ቢላዋ አውጥቶ ገበሩን ተረተረ። የሁለት ኪሎው መጀመሪያ ወደቀ፣ የአንድ ኪሎው ተከተለው። ሀንዲኖ ሁለቱን አየ፣ አባቴን አየ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠና ሳቀ።

ሁሉንም ተናገርኩ፤ የተመለሱትን ጆንያዎች፣ የድሬሰሩን ቃል፣ የአባቴን ግንባር። አባቴ ግንባሩን በእጁ ዳሰሰው። አጎቴን ግን አላሳቀውም። ብረቶቹን ከመሬት አንስቶ አንዱን በቀኝ አንዱን በግራ መዳፉ ያዘ፤ ሲመዝን እንደ ድሮው ዓይኑን ጨፈነ። "ሦስት ኪሎ" አለ። ከዚያ ሄዶ ባስኩሉ ላይ ወጣ። ሀንዲኖ ዘንጉን ገፋ፤ ዘጠና ላይ አልቆመም። ሰማንያ ዘጠኝ ነበር።

አጎቴ ቁጥሩን ራሱ ጎንበስ ብሎ አየ። እንደገና በለው አለ፤ ሀንዲኖ እንደገና ገፋ። ያኔ አጎቴ እጁን ኪሱ ከትቶ ክብሪት ቀፎውን አወጣና በአባቴ መዳፍ ላይ ገለበጠው። አምስት ብርቱካንማ ክኒን። "እኔም ደብቄያለሁ" አለው። "የማይረባኝ መስሎኝ ነው።"

አባቴ ክኒኖቹን ጨብጦ ቆመ። ቁጣ ጠበቅኩ። እሱ ግን ወንድሙን አንገቱን አቅፎ ግንባሩን ግንባሩ ላይ አደረገ፤ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ሀንዲኖም ሥራ እንዳለው ሰው ዞር አለና ገመዱን አንስቶ መኪናው ላይ ወጣ። ጆንያዎቹ በዚያ ገመድ ተጠፍረው የዚያኑ ቀን አዲስ አበባ ሄዱ። ገመዱን መልሱልኝ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

አቶ ሎምባሞ ተጠርተው መጡ። አጎቴን ለብቻው አነጋገሩት፣ ክኒኑን በፊታቸው አስዋጡት፣ ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ራሳቸው እየመጡ ሊያዩት ቀጠሮ ያዙ። ለአዲስ አበባ ደብዳቤም ጻፉ፤ ስለ መመለስ ሳይሆን የክኒኑን ልክ ስለ ማሳነስ። ከዚያ እኔን ጠርተው ፊቴ ቁጢጥ አሉ። "ልጄ፣ በርበሬ ሲጎድል ኪሳራ ነው። ሰው በርበሬ አይደለም። አጎትሽ የጎደለው ከራሱ ላይ ሸክም አውርዶ ነው" አሉኝ። ብረቶቹ ሦስት ቢሆኑ ኖሮ ግን ይመለስ ብዬ በእርግጥ እጽፍ ነበር ብለው ሳቁ። አያቴንም አልማሯት፤ ለጎረቤት ያሳየሽው የከድርን ስብ ነው ወይስ ከድርን ራሱን ብለው ጠየቋት። ከዚያ በኋላ ግን ጎመኑ ውስጥ ያለው ቅቤ ዓይን የማይሞላ ሆነ፤ ጎረቤት ስለ ክሳቱ ሲያነሣባት ደግሞ፣ የኔ ልጅ ስፖርት ይሠራል ትል ጀመር። ስፖርት የምትለውን ቃል ከማን እንደተማረቻት አላውቅም።

ከአጎቴ ጋር ውል ገባን። ጠዋት ክኒኑን ሲውጥ አፉን ከፍቶ ምላሱን እያነሣ ያሳየኛል። ቅዳሜ ባስኩሉ ላይ ከመውጣቱ በፊት ደግሞ እሱ የእኔን ኪሶች ይፈትሻል። ሰው ሁሉ እያየን ነው ይህን የምናደርገው፤ ገበያተኛው ለምዶን ነበር። አባቴም ትምህርቱን ጀመረ። ሀንዲኖ ሰማንያ ሰባት ሲል፣ ሰማንያ አምስት ሲል፣ በሁለት ጣቱ ግንባሩን ወጥሮ ይይዝና ፈገግ ይላል። በጣም ያስቅ ነበር። አንዳንዴ ረስቶት የበርበሬ ጆንያ ሲጎድልም ፈገግ ይል ነበርና ሻጮቹ ይጠራጠሩታል።

ድምፆቹ ፈጽመው አልጠፉም። አንዳንድ ቀን ስንወጣ ቆም ይልና፣ ጠራሽኝ ይለኛል። አልጠራሁህም እለዋለሁ። እሺ ብሎ ይራመዳል። ያን ያህል ቀላል ነበር፤ ወይም እኔ ልጅ ስለነበርኩ ያን ያህል ቀላል መስሎኝ ይሆናል።

ዝናብ ሊገባ ሲል፣ የበርበሬው ወራት ባለቀ ጊዜ፣ አንድ ጠዋት ዳገቱን ጀመርን። ባሕር ዛፉን አለፍን። ወፍጮ ቤቱን አለፍን። እኔ በዚያ ሰሞን ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ትንፋሼ አጠረና ጋሼ፣ ትንሽ እንረፍ አልኩት። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ጃንጥላውን ለእኔ አስይዞ ጎንበስ አለና እንደ ጆንያ በጀርባው አዘለኝ። "ሃያ ሁለት ኪሎ" አለ፤ "ተለቅመሽ ሃያ አንድ።" እያንጎራጎረ ወጣ። ጆሮዬን ጀርባው ላይ ለጥፌ ስሰማ ትንፋሹ አልተቆራረጠም፤ ዜማው መጣ፣ ሄደ፣ መጣ።

አጥሩ ጋ አወረደኝ። አንደኛ ክፍሎቹ ተሰልፈው ይጠብቁት ነበር፤ እየሮጡ መጥተው ከበቡን። አጎቴ አፉን ከፈተ፣ ምላሱን አነሣ፤ አየሁ። ከዚያ፣ ቀኑ ቅዳሜ ባይሆንም፣ ኪስሽን አለኝ። ሁለቱንም ኪሶቼን ገልብጬ አራገፍኳቸው። ከውስጣቸው የመጋዘኑ አቧራ ቡን አለ። አንደኛ ክፍሎቹ ሁሉ አስነጠሱ፤ መምህራችንም አስነጠሱ። እኔና አጎቴ ብቻ አላስነጠስንም።